ኮሌስትሮልን ይቀንሳሉ የሚባሉት የተፈጥሮ ምግቦች በእርግጥ ምን ያህል ይረዳሉ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 47 ሲሆን፣ ከሦስት ወር በፊት ለሌላ ጉዳይ በተደረገልኝ የደም ምርመራ ኮሌስትሮሌ ሳላስበው ከፍ ብሎ ተገኘ። ጠቅላላው 243፣ ጥሩው የሚባለው ኮሌስትሮል (ኤችዲኤል) 44፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ስብ 170፣ መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) ደግሞ 165 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። የደም ግፊትም ሆነ የስኳር በሽታ የለብኝም፤ ሲጋራም አላጨስም። ሐኪሜ ውጤቱን ከተመለከቱ በኋላ መድኃኒት ወዲያውኑ ከምጀምር በመጀመሪያ አመጋገቤን አስተካክዬ እንድመለስ ነገሩኝ። ይሁን እንጂ «ቅባት ይቀንሱ፣ አትክልት ያብዙ» ከሚለው ቃል ያለፈ ነገር ለመነጋገር ጊዜ አልነበረንም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያነበብኩትንና የሰማሁትን ሁሉ ስሞክር ቆየሁ። በየማለዳው በባዶ ሆዴ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምሬበት በሞቀ ውኃ እጠጣለሁ። አንድም ቀን አላስተጓጎልኩም። ቁርሴ፣ ምሳዬና እራቴ ግን እንደ ቀድሞው ናቸው፤ በቅቤ የተሠራ ምግብ፣ ሥጋ በሳምንት አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላም ብስኩት ወይም ኬክ አይጠፋም። ባለፈው ሳምንት ተመርምሬ ኤልዲኤሌ 161 ሆኖ አገኘሁት። ሦስት ወር ሙሉ በትጋት የሠራሁበት ነገር አራት ነጥብ ብቻ ማስገኘቱ በእውነት ተስፋ አስቆርጦኛል።

ስለዚህ ልምድም ሆነ ሙያው ያላችሁ እንድትመልሱልኝ የምለምነው፣ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ በእርግጥ የሚረዱት የተፈጥሮ ምግቦች የትኞቹ እንደሆኑ፣ በቀን ምን ያህል መብላት እንደሚገባ፣ ለውጡ ለመታየትም ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ነው። በምግብ ብቻ ከመድኃኒት መዳን እችል እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ 1፦ በሥነ ምግብ ሙያ ከሚሠራ ሰው

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ነጥቡ ልጀምር። የአንድ ሰው ኤልዲኤል አመጋገቡ ምንም ሳይለወጥ እንኳ ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው ከዚህ በበለጠ መጠን ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ከ165 ወደ 161 መድረሱን እንደ ለውጥ መቁጠር አይቻልም። ነጭ ሽንኩርት በጥናቶች የታየበት ውጤት አነስተኛና ወጥነት የጎደለው ነው፤ ሎሚም ለምግብ ጣዕም ጥሩ ቢሆንም ኤልዲኤልን ለመቀነሱ አስተማማኝ ማስረጃ የለውም። ትጋትዎን ግን እንደ ከንቱ አይዩት። ለሦስት ወር አንድ ቀን ሳያስተጓጉል አንድን ነገር ማድረግ የሚችል ሰው፣ ያንኑ ትጋት ወደ ምሳውና ወደ እራቱ ቢያዞረው ውጤት የማያገኝበት ምክንያት የለም። ችግሩ ያለው በጽሑፍዎ መካከል በአንዲት ዐረፍተ ነገር ባስቀመጡት ነገር ላይ ነው፤ ምግብዎ እንደ ቀድሞው ነው ብለዋል።

የትኛው ምግብ ለምን እንደሚረዳ ለመረዳት ኮሌስትሮል በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ጉበት ትልቅ ድርሻ አለው። የሕዋሳት ሽፋን የሚጠነክረው፣ አንዳንድ ሆርሞኖች የሚሠሩት፣ ሐሞትም የሚዘጋጀው በኮሌስትሮል ነው። ጉበት ከኮሌስትሮል የሐሞት አሲድ ሠርቶ ወደ አንጀት ያፈሳል፤ አሲዱ ስብን ለመፍጨት ካገለገለ በኋላ 95 በመቶ ያህሉ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ተመልሶ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ይኸው ዑደት በየቀኑ ይደጋገማል። በውኃ የሚሟሟ ፋይበር (ሰውነት የማይፈጨው የዕፅዋት ክፍል) ያለበት ምግብ ስንበላ ፋይበሩ አንጀት ውስጥ ዝልግልግ ሆኖ የሐሞት አሲዱን ይይዘውና ከፊሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ጉበትም የጎደለበትን ለመተካት ተጨማሪ ኮሌስትሮል ስለሚያስፈልገው፣ በላዩ ላይ ባሉት ተቀባዮች አማካይነት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ እየሳበ ያስገባል። የእነዚህን ተቀባዮች አሠራር ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተሸለሙትም በኮሌስትሮል ላይ ባደረጉት በዚህ ምርምር ነው። እንደ ቅቤና የሰባ ሥጋ ባሉ ምግቦች ውስጥ በብዛት የሚገኘው፣ ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው የሚረጋ ስብ ደግሞ የእነዚሁን ተቀባዮች ሥራ ያዳክማል። እንግዲህ አጃ በልቶ በላዩ ላይ ቅቤውን እንደ ነበረ የሚቀጥል ሰው፣ በአንድ እጁ በር እየከፈተ በሌላው እየዘጋ ነው ማለት ነው።

ከምግቦቹ ሁሉ ማስረጃው የጠነከረላቸው አጃና ገብስ ናቸው። በውስጣቸው ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ ፋይበር አለ። አጃ ሲፈላ ማንኪያውን ከድስቱ ሲያነሡት እየተጎተተ የሚከተለው ልጥልጥ ያለ ነገር እርሱ ነው። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ማግኘት ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም አጃ የልብ ሕመምን አደጋ ለመቀነስ ሊረዳ እንደሚችል በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ በ1997 እ.ኤ.አ. የፈቀደው ይህንኑ መጠን መሠረት አድርጎ ነው። 3 ግራሙን ለማግኘት ከ75 እስከ 80 ግራም የሚሆን ደረቅ የተዳመጠ አጃ ያስፈልጋል። አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ በእርጎ ላይ መነስነስ አይበቃም። ገብስ የተፈተገና የነጣ ከሚሆን ሙሉውን ወይም ብዙ ያልተፈተገውን ቢመርጡ ይሻላል።

ቀጥለው የሚመጡት ጥራጥሬዎች፣ ማለትም ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ቦሎቄና የመሳሰሉት ናቸው። በቀን 130 ግራም የሚሆን የተቀቀለ ጥራጥሬ መመገብ ኤልዲኤልን በአማካይ 5 በመቶ ያህል ዝቅ ያደርጋል። እኔ ግን ጥራጥሬን ከዚህ ቁጥር በላይ አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱም በሥጋ ቦታ ገብቶ ሆድ መሙላት የሚችል ምግብ ነው። ሥጋው ባለበት ላይ የተጨመረ ምስር ፋይበሩን ብቻ ሲሰጥ፣ ሥጋውን የተካ ምስር ግን ፋይበሩን ሰጥቶ የሚረጋውንም ስብ ይዞ ይሄዳል።

ለውዝ፣ አልመንድ፣ ዋልነትና የመሳሰሉትም በደንብ የተጠኑ ናቸው። የ25 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አድርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንተና፣ በቀን 67 ግራም ያህል መብላት ኤልዲኤልን 7 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ነገር ግን 67 ግራም ወደ 400 ካሎሪ ስለሚጠጋ፣ ለእርስዎ የምመክረው ግማሹን ያህል፣ ማለትም አንድ እፍኝ፣ ያለ ጨው ሆኖ ከሰዓት በኋላ በብስኩቱ ቦታ እንዲገባ ነው። ተልባ የሚወስዱ ከሆነ ይፍጩት፤ ሙሉው ፍሬ ሳይፈጭ ከተዋጠ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። አቮካዶ፣ ፖም፣ ደበርጃንና ባሚያም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ አስተዋጽኦዋቸው አነስ ቢልም ገበታውን ሳያሰለች ለማቆየት ይረዳሉ።

ዘይትን በሚመለከት፣ ቅቤን በወይራ ወይም በሱፍ ዘይት መተካት ከየትኛውም ልዩ ምግብ የማያንስ ውጤት አለው። በቅቤ ውስጥ ካለው ስብ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚረጋው ዓይነት ሲሆን፣ በወይራ ዘይት ውስጥ ግን 14 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እያንዳንዱ ምግብ ለብቻው 5 ወይም 7 በመቶ ብቻ ከሆነ ምን ይፈይዳል ሊሉ ይችላሉ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እነዚህኑ ምግቦች አንድ ላይ አቀናጅተው ሞከሯቸው። በዚያ ገበታ ላይ አጃና ገብስ፣ አኩሪ አተር፣ አልመንድ፣ ደበርጃንና ባሚያ፣ እንዲሁም ስቴሮል የሚባለው ከዕፅዋት የሚገኝና ኮሌስትሮል ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ የሚሻማ ንጥረ ነገር ነበሩበት። በአንድ ወር ውስጥ ኤልዲኤል በአማካይ 28.6 በመቶ ሲቀንስ፣ በሌላው ወገን ሎቫስታቲን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ሰዎች ቅናሽ 30.9 በመቶ ነበር። ጥናቱ 46 ሰዎችን ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ምግባቸውም ተለክቶ የሚሰጣቸው ነበር። በኋላ ሰዎች በየቤታቸው ራሳቸው እያዘጋጁ እንዲበሉ ምክር ብቻ ተሰጥቷቸው ለስድስት ወር ሲታዩ ቅናሹ ከ13 እስከ 14 በመቶ ሆነ። እርስዎ ሊጠብቁት የሚገባው ወደዚህኛው የቀረበውን ነው። ከ161 ላይ 15 በመቶ ሲነሣ 137 አካባቢ ይመጣል፤ ይህም መናቅ የሌለበት ለውጥ ነው።

መልስ 2፦ ከራሱ ልምድ ከሚጽፍ ሰው

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሆኖም ከሁለት ዓመት በፊት ልክ እርስዎ ባሉበት ቦታ ስለነበርኩ ያደረግኩትን ልንገርዎ። ኤልዲኤሌ 172 ነበር፤ በአራት ወር ውስጥ 139 ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም ከ145 አልፎ አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ግን ተሳስቼ ነበር። ቅቤን ትቼ በኮኮናት ዘይት ማብሰል ጀመርኩ፤ ምክንያቱም በዕቃው ላይ «ኮሌስትሮል የሌለው፣ ፍጹም ተፈጥሯዊ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የተጻፈው ውሸት አይደለም፤ ከተክል የሚገኝ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የሚባል ነገር ለመባል የሚበቃ የለውም። ነገር ግን የኮኮናት ዘይት ከቅቤም በበለጠ የሚረጋ ስብ የሞላበት መሆኑን ያወቅኩት፣ ከሁለት ወር በኋላ ኤልዲኤሌ 178 ሆኖ ሲመጣና ሐኪሟ በምን እንደማበስል ሲጠይቁኝ ነው። ከዚያ ወዲህ የማሸጊያ ፊት ላይ ያለውን ጽሑፍ አላነብም። አዙሬ በጀርባው ካለው ሰንጠረዥ ሳቹሬትድ ፋት የሚለውን መስመር እፈልጋለሁ።

የለወጠኝ ሌላው ነገር ሚዛን ነው። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ 80 ግራም አጃ ስመዝን፣ እስከዚያ ቀን እበላ የነበረው 30 ግራም እንኳ እንዳልነበረ አየሁ። ጥራጥሬውን ደግሞ ቅዳሜ ማታ ዘፍዝፌ አድሬ እሑድ ጧት ሁለት ኪሎ ያህል እቀቅልና፣ ሲቀዘቅዝ 130 ግራም እየመዘንኩ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባለሁ። ማታ ደክሞኝ ስገባ ከሥጋ ቀድሞ የሚደርሰው ያ የተዘጋጀው ቦሎቄ ስለሚሆን፣ ከራሴ ጋር መከራከር አያስፈልገኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ ስለ ጀመርኩ ሆዴ ተነፍቶ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እርስዎ በግማሽ ይጀምሩ፣ የዘፈዘፉበትን ውኃ ይድፉት፣ ውኃም በደንብ ይጠጡ፤ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ አንጀት ይለምዳል።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልጨምር። በወረቀት ማጣሪያ ሳያልፍ የሚጠጣ ቡና ካፌስቶል የሚባል ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ዘይታማ ንጥረ ነገር ይዞ ይቀራል፤ ወረቀቱ ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። በቀን አንድ ስኒ ለሚጠጣ ሰው ትልቅ ነገር ላይሆን ይችላል። እኔ ግን በቀን አምስትና ስድስት ስኒ ያልተጣራ ቡና እጠጣ ስለነበር፣ መጠኑን ሳልቀንስ ወደ ተጣራው ተዛውሬአለሁ። ከቅናሹ ምን ያህሉ በዚህ እንደመጣ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የለወጥኩት።

መልስ 3፦ ከፋርማሲ ባለሙያ

ከላይ በተሰጡት ምክሮች ላይ የምጨምረው ስለ ጥንቃቄ ነው። በሥራዬ ላይ በተደጋጋሚ የማየው፣ ሰዎች «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል «ጉዳት የሌለው» ብለው እንደሚተረጉሙት ነው።

በቀይ እርሾ የተብላላ ሩዝ በእንክብል መልክ ለኮሌስትሮል እየተባለ ይሸጣል። ይሠራልን ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎን፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የሚሠራው ግን ሞናኮሊን ኬ የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በመድኃኒትነት ከተፈቀደው ሎቫስታቲን ጋር አንድና ያው ነው። ልዩነቱ የመድኃኒቱ መጠን በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ተለክቶ የሚታወቅ ሲሆን፣ የሩዙ ግን ከምርት ምርት የሚለያይ መሆኑ ነው፤ ከዚህም በላይ አንዳንዱ ሲትሪኒን በሚባል ኩላሊትን የሚጎዳ የሻጋታ መርዝ ተበክሎ ይገኛል። ሐኪም ያዘዘላቸውን፣ እንደ ሎቫስታቲን ያሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ወገን የሆነውን ስታቲን እየወሰዱ ይህንኑ እንክብል በላዩ ላይ ሲጨምሩ የቆዩ አንዲት እናት፣ ደረጃ መውጣት እስኪያቅታቸው ጭናቸውን እያመማቸው ወደ እኔ መጥተው ያውቃሉ። ሳያውቁት አንድ ዓይነት መድኃኒት ሁለት ጊዜ እየወሰዱ ነበር። እንክብሉን «ምግብ ነው» ብለው ስለሚያስቡ ለሐኪማቸው አልነገሩም።

ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬም ለኮሌስትሮል ጥሩ ነው ሲባል ይሰማል። ሲምቫስታቲን፣ ሎቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን የሚወስድ ሰው ግን ይህ ፍሬ መድኃኒቱን በአንጀት ውስጥ የሚሰብረውን ኤንዛይም ስለሚያግድ፣ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ከፍ ሊልበት ይችላል። ነጭ ሽንኩርትም ለምግብ በሚገባው መጠን ችግር የለውም፤ በብዛት ወይም በእንክብል መልክ ሲወሰድ ግን እንደ ዋርፋሪን ካሉ ደም ከሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ጋር ተደምሮ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል፤ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰውም ለሐኪሙ ማሳወቅ አለበት።

ሲሊየም የሚባለው የዘር ገለፈት ዱቄት ግን በበጎ የማነሣው ነው። በቀን 10 ግራም ገደማ ሲወሰድ ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ አጃ ለማይስማማው ሰውም ጥሩ አማራጭ ነው። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት ያስፈልጋል፤ በጥቂት ውኃ ከተዋጠ ጉሮሮ ውስጥ አብጦ ሊያንቅ ይችላል። ሌሎች መድኃኒቶች፣ በተለይ የታይሮይድ እንክብል፣ በደንብ እንዳይሰርጹ ሊያደርግ ስለሚችል በሰዓታት ልዩነት መወሰድ አለበት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሌስትሮሌን ለመቀነስ ምን ልጨምር እያልኩ ስፈልግ፣ ምን ልተካ የሚለውን ጥያቄ ፈጽሞ እንዳልጠየቅኩ አሁን ነው የገባኝ። ሦስት ነገሮች ይቀሩኛል። አንደኛ፣ በቤታችን እንቁላል በብዛት ይበላል፤ መተው አለብኝ? ሁለተኛ፣ ስለ ትራይግሊሰራይዴ ማንም ምንም አላለም። ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ አድርጌ ኤልዲኤሌ ባይወርድስ?

መልስ 1፦ በድጋሚ

የአንድ እንቁላል አስኳል ወደ 186 ሚሊግራም ኮሌስትሮል አለው፤ ለብዙ ዓመታትም በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ አትብሉ ይባል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ይህን የቁጥር ገደብ ያነሣው፣ ከምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል ለብዙ ሰዎች ከሚረጋው ስብ ያነሰ ተጽዕኖ እንዳለው ስለታየ ነው። ይህ ማለት ግን የፈለጉትን ያህል ይብሉ ማለት አይደለም፤ ሰውነታቸው ከምግብ የሚመጣውን ኮሌስትሮል አብዝቶ የሚቀበል ሰዎች አሉ። እኔ ብሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመከልከል በቀን ከአንድ እንዳያልፍ አደርጋለሁ፤ ከእንቁላሉም በላይ የሚጠበስበትን ቅቤ እመለከታለሁ።

ስለ ትራይግሊሰራይድ ሳልጽፍ ማለፌ የእኔ ጉድለት ነው። ከ150 በታች ሲሆን መልካም ስለሆነ የእርስዎ 170 በመጠኑ ከፍ ያለ ነው። ይህን ቁጥር ከፍ የሚያደርጉት በዋናነት ስኳር፣ የነጣ ዱቄት፣ የአልኮል መጠጥና የሰውነት ክብደት መጨመር ናቸው። ከሰዓት በኋላ የሚበሉት ኬክና ብስኩት እዚህ ላይ ዋጋ እያስከፈለዎት ነው፤ በእፍኝ ለውዝ ቢተኩት ሁለቱንም ቁጥሮች በአንድ ድንጋይ ይመታሉ። እንደ ሳርዲንና ሳልመን ያሉ ቅባት ያላቸው ዓሦች በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢበሉ ትራይግሊሰራይድን ለመቀነስ ይረዳሉ፤ ኤልዲኤልን ግን ይቀንሳሉ ብለው አይጠብቁ። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ትራይግሊሰራይድን ለመቀነስ ይረዳል።

ኤልዲኤልዎ ባይወርድ በመጀመሪያ የታይሮይድ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዳከም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ሳይታወቅ በምግብ ብቻ መታገል ድካም ነው። ከዚያ በኋላ የመድኃኒቱ ውሳኔ የሚወሰነው በአንድ ቁጥር ብቻ አይደለም። ሐኪምዎ ዕድሜዎን፣ የደም ግፊትዎን፣ የቤተሰብዎን የልብ ሕመም ታሪክና ሌላውንም ደምረው ያዩታል። መድኃኒት ቢታዘዝልዎ ግን አጃውና ምስሩ ከሸፉ ማለት አይደለም። ምግቡ መቀጠሉ ለመድኃኒቱ ዝቅ ያለ መጠን እንዲበቃ ሊያደርግ ይችላል፤ ለደም ግፊትም፣ ለስኳርም፣ ለአንጀትም የሚሰጠው ጥቅም አይቋረጥም።

መልስ 4፦ ከአንድ ቤተሰብ አባል

የጠያቂውን የመጨረሻ ጥያቄ ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አባታችን በ44 ዓመቱ በልብ ድካም በድንገት ዐረፈ። ቀጭን ሰው ነበር፤ ሥጋም እምብዛም አይበላም ነበር። ከዓመታት በኋላ የእኔ ኤልዲኤል 231 ሆኖ ሲገኝ፣ መድኃኒት ሰውነትን ያስለምዳል ብዬ ስለፈራሁ ሁለት ዓመት ሙሉ በምግብ ብቻ ታገልኩ። አጃ፣ ጥራጥሬ፣ ለውዝ፣ ተልባ፣ አንድም ሳላጓድል። ወደ 209 ወረደ፤ ከዚያ በታች ግን አልሄደም። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ጫማዬን አስወልቀው ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት በጣታቸው ዳሰሱት። ከተለመደው ወፍራም ነበር፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ኮሌስትሮል ነው። በዘር የሚተላለፍ የኮሌስትሮል ከፍታ እንደሆነ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሕመም ከ250 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይገኛል። አንድ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ኤልዲኤልን ከደም የሚስቡት የጉበት ተቀባዮች ከልደት ጀምሮ ጎድለው ወይም ተበላሽተው ስለሚገኙ፣ የትኛውም ምግብ ብቻውን ሊያሸንፈው አይችልም። ስለዚህ ኤልዲኤሉ 190 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የሞተ ሰው ያለበት ይህን የሚያነብ ሁሉ፣ እባካችሁ እንደ እኔ ሁለት ዓመት አታባክኑ። እኔ ዛሬ መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ኤልዲኤሌም 92 ነው፤ አጃዬንም አልተውኩም። የእኔ ከታወቀ በኋላ ታናሽ እኅቴና የ11 ዓመት ልጇ ተመርምረው ሁለቱም እንዳለባቸው ታውቋል፤ ልጁ ገና ምንም ሳይጎዳ ክትትል ጀምሯል።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ከወላጆቼም ሆነ ከወንድሞቼ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተጎዳ የለም፤ ሆኖም የታይሮይድ ምርመራውን ነገ እጠይቃለሁ። ሚዛን ገዝቻለሁ። ዛሬ ጧት 40 ግራም አጃ በውኃ አፍልቼ ከአንድ ፖም ጋር በላሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 80 ከፍ አደርገዋለሁ። ነጭ ሽንኩርቱን ከብርጭቆ ወደ ምስሩ ድስት አዛውሬዋለሁ፤ ምስሩም የተሠራው በሱፍ ዘይት ነው። ቀጣዩ ምርመራዬ ከአሥር ሳምንት በኋላ ስለሆነ ቁጥሮቹን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ፤ ቢወርድም ባይወርድም።